የተመለሰ ይቅርታ

መስታወት ቆራጩን የሰፈሩ ሰው «ምሳሌው» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ከሱቁ አጠገብ የሚሠራው ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ሰውየው ምሳሌ ሳይጨምርበት «ደህና አደርክ» እንኳ ማለት አይሆንለትማ! ለፌዝ የወጣለት ስም መሆኑን የተረዳው ዘግይቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለምዶት፣ እንዲያውም ወዶት ነበር።

ምሳሌው እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወላጆችን ያስተምራል። አርባ የሚሆኑ እናቶችና አባቶች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረው ይሰሙታል። ትምህርቱን ከየት ያመጣዋል ቢሉ፣ ከቤቱ። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አለችው። ገና በእጅ ከምትታቀፍበት ጊዜ ጀምሮ ማዘዝ ስለምትወድ «እሜቴ» ይላታል። ለእሱ እሜቴ ልጅ ብቻ አይደለችም፤ ቆፍሮ የማይጨርሳት የምሳሌ ጉድጓድ ናት። የጫማዋን ማሰሪያ ሳታስር ከወጣች፣ ያ ሳይጸልዩ ከቤት ስለ መውጣት ትምህርት ይሆናል። ካሮቷን ከሳህኑ ሥር ከደበቀች፣ እግዚአብሔር የተሰወረውን ሁሉ ያያል። የፊት ጥርሷ የተነቃነቀ ጊዜማ ሦስት እሑድ ሙሉ ፈጀ፤ አንዱ ስለ መነቃነቁ፣ አንዱ ስለ መውለቁ፣ አንዱ ስለ ባዶ ቦታው። አራተኛ ሊጨምር ሲል አዲሱ ጥርስ በቀለና ሕዝቡን ገላገለው።

ሰዉ ግን ይወደዋል፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። እናቶች ማስታወሻ ይይዛሉ፤ አባቶች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሜቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስለ ራሷ ትሰማለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሌላው ሰው ሐሜት ከጀርባው ነው የሚወራው፣ የእሷ ግን ፊት ለፊቷ፣ ያውም በማይክሮፎን ነው። ከአዳራሹ ስትወጣ የማታውቃቸው ሴቶች ጉንጯን እየቆነጠጡ «ካሮቱንስ አሁን ትበያለሽ?» ይሏታል።

ነገር የተበላሸው በአንድ ቁም መስታወት ነው። አንድ የልብስ ሱቅ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት አዝዞ፣ ምሳሌው ጠርዙን አለስልሶ፣ ወልውሎ፣ ከቁልፍ ሠሪው ጋር ተሸክሞ በራሱ ሱቅ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል። የእሜቴ እናት ነርስ ናት፤ ተረኛ በሆነችበት ቀን ልጅቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ትሄዳለች። የዚያን ቀንም ገባችና መስታወቱ ፊት ቆማ ምላሷን ማውጣት፣ ዓይኗን ማጉረጥረጥ ጀመረች። አባቷ መስታወቱን የሚጭነውን ሾፌር ሊያነጋግር ወጣ። አንድ ቃል ሳይጨርስ ከኋላው «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ሮጦ ቢመለስ መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። እሜቴ አፏን ከፍታ ቆማለች።

«ምን አደረግሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው? መስታወት ብቻውን ይሰበራል?»

«እኔ ቆሜ ብቻ ነበር አባዬ። አልነካሁትም።»

«እውነቱን ንገሪኝ ብያለሁ!»

«ነገርኩህ እኮ!»

ያን ጊዜ የጮኸው ጩኸት የቁልፍ ሠሪውን ሞረድ ጸጥ አሰኘው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለው ደግሞ ከጩኸቱ ይብስ ነበር። በርጩማውን ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠና እጁን አጣጠፈ።

«እሺ እሜቴ። እውነቱን ከነገርሽኝ አልቆጣም። እስክትነግሪኝ ድረስ ግን እዚሁ እጠብቅሻለሁ። ጊዜ አለኝ።»

እውነትም ጊዜ ነበረው። ሾፌሩ ሰልችቶት ሄደ። ሁለት ደንበኞች መጥተው ከበሩ ተመለሱ። ልጅቱ አንዴ በሩን፣ አንዴ አባቷን ታያለች፤ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ትቀያይራለች። በመጨረሻ «አዎ» አለች።

«አዎ ምን?»

«አዎ፣ ሰበርኩት።»

የሚገርመው፣ ምሳሌው ከልቡ አለቀሰ። ብድግ ብሎ አቀፋትና «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። እሷ በእቅፉ ውስጥ እንደ ጣውላ ደርቃ ቆየች። ለቀቅ ሲያደርጋት ወደ ጓሮ ሮጠች፤ እሱ ደግሞ እንባዋን ልትደብቅ መሰለው።

በዚያው እሑድ «የተሰበረው መስታወት» የሚል ትምህርት ሰጠ። በትምህርቱ ውስጥ ልጅ ታጠፋለች፣ አባት በፍቅር ይጠብቃል፣ ልጅ ትናዘዛለች፣ አባት ያቅፋል። ጩኸቱን አወጣው፤ ለትምህርቱ አይጠቅምማ። በርጩማውንም አወጣው። አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ። የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ሦስት ሳምንት ቆይቶ በሚደረገው ዓመታዊ የወላጆች ጉባኤ ላይ፣ ከሌሎች አጥቢያዎች በሚመጡ ሦስት መቶ እንግዶች ፊት ይህንኑ እንዲደግመው ጠየቁት። «ከዚያ በኋላ በየአጥቢያው እየዞርክ ታስተምርልናለህ» አሉት። ምሳሌው ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ይህንን ነበር፤ መስታወት መቁረጥ እንጀራው ነው፣ ልቡ ግን ያለው ማይክሮፎኑ ጋ ነው።

የጥሪው ወረቀት ታትሞ የመጣ ዕለት ራት ላይ የእሱ ፎቶግራፍና የትምህርቱ ርዕስ ያሉበትን ያንኑ ወረቀት ለልጁ አቀበላት። እሜቴ አነበበችው። ከዚያ ፎቶውን ወደ ታች ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ አልሄድም» አለች።

«የት?»

«እዛ። ይቅርታህንም መልሼልሃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ይቅር ያልከኝን፤ አልፈልገውም፣ ውሰደው። ያላጠፋሁትን ነው ይቅር ያልከኝ።»

ምሳሌው ማንኪያውን አስቀመጠ። «ራስሽ አይደለሽም እንዴ አዎ ያልሽው?»

«አዎ እስክል ድረስ ከበሩ ላይ አትነሳም ነበር። ሽንቴ መጥቶ ነበር!»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን የልጇን ፊት አየችና ሳቋን አቆመች።

«በአንተ ታሪክ ውስጥ» አለች እሜቴ፣ አገጯን ቀጥ አድርጋ፣ «ሁልጊዜ እግዚአብሔር አንተ ነህ። ኃጢአተኛዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አንተ አጥፍተህ አታውቅም።»

«ይሄ ትዕቢት ነው፣ እሜቴ።»

«ይሁን።»

ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ድርግም አላደረገችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደው። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ሰማሻት?» አለ፣ እንድታግዘው።

«ሰማኋት» አለች ነርሷ ሳህን እየሰበሰበች። «አንተስ ሰማሃት? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እኮ እንዳንተ ያለው ነው። እዛ አዳራሽ የምትናገርለትን አባት እኔም አገኘው እንደሆነ እያልኩ ቤት ውስጥ ስፈልገው ከረምኩ። እግዚአብሔር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሽንቷን የያዘች ልጅ አያስጨንቅም።»

ምሳሌው ተቆጣ። ልጅን ማመን ጥሩ ነው፣ ግን ልጅ ይዋሻል፤ ይሄን የማያውቅ ወላጅ አለ? ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ሌላ ማን ሊሰብረው ነው? እንዲህ እያለ አራት ቀን በልቡ ሲሟገት ከረመ። እሜቴም አራት ቀን «እሺ» እና «እንቢ» ብቻ ስትለው ከረመች፤ የበዛው እንቢው ነው።

በጉባኤው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ትናንሽ የመታጠቢያ ቤት መስታወቶች ታዘዙ። የእሱ ሙያ ሰዎች የተሰበረ ትልቅ መስታወት አይጥሉም፤ ደህና ደህናውን ቆርጠው ለትንሽ ሥራ ያውሉታል። ስለዚህ የዚያን ቁም መስታወት ስብርባሪ ከሣጥኑ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው፤ የትኛው ከየት እንደሚቆረጥ ለማየት እንደነበረ ገጣጠመው። ገጣጠመውና እጁ ቆመ።

ሃያ ዓመት መስታወት የቆረጠ ሰው ስብራት ያነባል። ስንጥቅ ሥር አለው። የተመታው ቦታ መዳፍ ነው፣ ስንጥቆቹ ከእሱ የሚነሱ ጣቶች ናቸው። ልጅቱ በእጇ ወይም በክርኗ ገፍታው ቢሆን ኖሮ የስንጥቁ ሥር መሐሉ ላይ፣ በእሷ ቁመት ልክ ይገኝ ነበር። መሐሉ ላይ ግን ሥር የለም። ጣቶቹ ሁሉ ቁልቁል ወርደው፣ ተሰብስበው፣ ታች ግራ ጥግ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ጥግ ላይ የምስር ክክ የምታህል ፍንካች አለች።

ተንበርክኮ መስታወቱ ቆሞበት የነበረውን ወለል በእጁ ዳሰሰ። ከጣውላው መሐል ወጣ ያለ የብሎን ራስ ጣቱን ወጋው።

ከባድ መስታወት ባዶ ወለል ላይ አይቀመጥም። ከሥሩ የምንጣፍ ቁራጭ ይደረግለታል፤ ይሄን ትናንት የተቀጠረ ሠራተኛም ያውቀዋል። ካልተደረገለት ክብደቱ አንዲት ቦታ ላይ ያርፍና ቀስ እያለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ደስ ባለው ሰዓት ይሰነጠቃል። ምሳሌው ቁልፍ ሠሪውን ጠራው።

«ያን ቀን ምንጣፉን ከሥሩ አድርገን ነበር?»

«የት አደረግን!» አለ ቁልፍ ሠሪው። «ልናስቀምጠው ስንል 'ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳይጠፋኝ' ብለህ ለቀኸው ወደ ደብተርህ ሮጥክ እንጂ። ረሳኸው?»

ደብተሩን አወጣ። አለ፤ ቀኑም ተጽፏል፤ «ሸክምን ሁለት ሆኖ ስለ መሸከም»። ትምህርት መጥቶለት ነበር። ትምህርቱ እንዳያመልጠው ብሎ ነው መስታወቱን ባዶ ወለል ላይ የተወው።

«ታዲያ ለምን ያን ዕለት አልነገርከኝም?»

«ልነግርህ መጥቼ ነበር። በሩ ላይ እጅህን አጣጥፈህ ስትጠብቅ አየሁህና ፈራሁህ። እኔ ትልቁ ሰውዬ ከፈራሁህ እሷ…» ቁልፍ ሠሪው ቃሉን ሳይጨርስ ራሱን ነቀነቀ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ብሎ ወደ ሞረዱ ተመለሰ።

ሰው ሲጨንቀው ሕግ ዐዋቂ ይሆናል። ምሳሌው ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲከራከር ዋለ። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይቅር ይላል፤ ይሄ መቼ ተለወጠ? ስለ ጠፋ በግ የሚሰብክ ሰው በጉ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደጠፋ ይጠየቃል? ወረቀቱ ታትሟል። መጋቢው ቃል ገብተዋል። ማን ተጎዳ? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱን ያውቀው ነበር። በጉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አይሰማም፤ ልጁ ግን ትሰማለች። ስንት ዓመት ስለ ይቅርታ አፉን ሞልቶ ሲናገር ይቅርታ ሰጪ ብቻ ነበር፤ ለማኝ ሆኖ አያውቅም። አፈረ። የጆሮው ጫፍ እስኪግል ድረስ አፈረ።

ወደ ቤት ሲገባ እሜቴ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። አጠገቧ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መስታወቱን አልሰበርሽውም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ የሰበርኩት። ሳልጠነቀቅ አስቀምጬው ነው።»

እርሳሷ ቆመ። ቀና ብላ ግን አላየችውም።

«ይቅር በይኝ እሜቴ።»

«እዚህ?»

«ታዲያ የት?»

«አንተ ይቅር ያልከኝ አዳራሹ ውስጥ ነው። አርባ ሰው ፊት። አሁን ደግሞ ሦስት መቶ ሊሆኑ ነው።»

«ነገ ስለ መስታወቱ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ሌላ ምሳሌ እናገራለሁ።»

«ስለ ማን?»

ምሳሌው ያሉትን ምሳሌዎች በልቡ ቆጠረ። ያለው ሁሉ ስለ እሷ ነበር።

«ስለ መስታወቱ ተናገር» አለች ልጅቱ። «እንደሆነው ግን። ጩኸቱንም፣ በርጩማውንም፣ ሽንቴን ግን ተወው። እኔም መጥቼ እሰማሃለሁ። ቀይረህ ከተናገርክ ግን ተነስቼ እኔ እናገራለሁ።»

«ከመጋቢው ፊት? ከእንግዶቹ ፊት?»

«ከማንም ፊት።»

ሊቆጣት ፈለገ፤ በምን በኩል እንደሚገባ ጠፋው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያጡ ግድግዳ ተደግፈዋል። እሜቴ የኋላውን ወንበር ትታ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። መጋቢው «የተሰበረው መስታወት» ብለው አስተዋወቁት፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

ምሳሌው ጀመረ። መስታወቱ እንዴት እንደነበር፣ ልጁ እንዴት ምላሷን እንዳወጣች ሲናገር ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሞቀው። ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ እግሩ ያውቀዋል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወርዶ «ልጄን በፍቅር ጠበቅኋት» ቢል እዚያው እንባ ይፈስሳል። የሚዞርባቸው አጥቢያዎች ሁሉ ሲጠብቁት ታዩት። ወደ ታች ሲመለከት የልጁን አገጭ አየ።

«ከዚህ ቀደም እዚህ ቆሜ የነገርኳችሁ ውሸት ነው» አለ።

ማስታወሻ የያዙ እናቶች ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሱ።

«አልጠበቅኋትም። ጮኽኩባት። ከዚያ በር ዘግቼ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ያላደረገችውን አደረግኩ እስክትል ድረስ አላስወጣት አልኩ። መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ለእናንተ የምነግራችሁን ትምህርት ልጽፍ ስሮጥ በአግባቡ ሳላስቀምጠው ቀርቼ ነው። ከዚያ በእናንተ ፊት ይቅር አልኳት፤ እናንተም አለቀሳችሁልኝ። ይቅር መባል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

አንድ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። መጋቢው ፈጠን ብለው ተነሱና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ብልህ ሰው ናቸው፤ የሚንሸራተትን ነገር መያዝ ያውቁበታል።

«ወገኖቼ፣ እዩ ትሕትናን!» አሉ። «ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ…»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መጋቢ» አለ ምሳሌው። «ይሄ ትምህርት አይደለም። ጥፋት ነው። ትምህርት ካደረግነው ዛሬም በእሷ ልንነግድ ነው።»

የመጋቢው ፊት ትንሽ ጠቆረ፤ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ማይክሮፎኑን ይዘው ወደ መጀመሪያው ረድፍ ወረዱና ለልጅቱ አፍ አቀረቡት።

«እንግዲያውስ ልጃችን፣ አባትሽ ጥፋቱን አምኗል። ክርስቲያን ይቅር ይላል። በይ 'አባዬ ይቅር ብዬሃለሁ' በይው። ሕዝቡ እየጠበቀሽ ነው።»

ሦስት መቶ ሰው አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። «በይ እንጂ የኔ ቆንጆ» አለች አንዲት እናት። «ጎበዝ ልጅ» አለ ሌላው። እሜቴ ማይክሮፎኑን አየች፤ ከዚያ በሩን አየች። ምሳሌው ያንን አስተያየት ያውቀዋል። አፏ ሊከፈት ሲል ደረሰ።

«ይተዋት!» አለ። ማይክሮፎኑን ከመጋቢው እጅ ወሰደው። «አትልም። አንድ ጊዜ በልቧ የሌለ 'አዎ' ከአፏ አውጥቻለሁ። ሁለተኛ የሚያወጣባት የለም፤ እኔም፣ እርስዎም፣ ይሄ ሕዝብም። ስትፈልግ ትለኛለች። ካልፈለገች አትልም። እኔ እጠብቃለሁ፤ የምጠብቀው ግን በሯ ላይ ተቀምጬ አይደለም።»

ከኋላ አንድ ባልና ሚስት ተነስተው ወጡ። መጋቢው የጥሪውን ወረቀት ለአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ምሳሌውም በየአጥቢያው መዞሩ እዚያ ኪስ ውስጥ እንደገባ ገባው። ነርሷ ሚስቱ ግድግዳው ጋ ቆማ ነበር፤ አላጨበጨበችም፣ ዓይኗን ግን በመዳፏ ስትጠርግ አያት። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከመድረኩ ወረደ።

የሚቀመጥበት አጣ። በፊተኛው ረድፍ ያለው ባዶ ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ እሜቴ ሹራቧን አስቀምጣበታለች። እንድታነሳለት አልጠየቃትም። ፊቷ ቆመ፤ ሕዝቡ ሁሉ እያየው ቆመ።

እሜቴ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ይቅር አላለችውም። ሹራቧን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«ቁጭ በል እንጂ አባዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ሰው እያየን ነው።»